የናታንያ ገደልና የዓባይ አሸዋ

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣

ከተማችን ናታንያ የተሠራችው በባሕር ዳር ገደል አፋፍ ላይ ነው። ገደሉ ኩርካር የሚባል ልል የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ማዕበል ሥሩን ይቦረቡረዋል፣ ዝናብም ከላይ ያጥበዋል፣ ከዚያም ይናዳል።

ማዕበሉን የሚያደክመው ከገደሉ ሥር የተነጠፈው አሸዋ ነው። ይህ አሸዋ በአብዛኛው ዓባይ ወደ ባሕር ያወረደው፣ ሞገድም እዚህ ያደረሰው ነው። የዓባይ ደለል ደግሞ አብዛኛው የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። እናንተ በአውሮፕላን ከመምጣታችሁ በፊት አፈራችሁ ቀድሟችኋል ማለት ነው! ዛሬ ግን በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ደለሉን ያስቀረዋል። እዚህም ለግንባታ ብዙ አሸዋ ተዝቋል።

መንግሥት ገደሎቹን የሚጠብቅ ኩባንያ በ2013 አቋቁሟል። በባሕሩ ውስጥ የሚደረደረው ድንጋይ ማዕበሉን ይሰብራል፤ ነገር ግን አሸዋውን እዚህ ሲይዝ የጎረቤቱን ባሕር ዳር ያራቁታል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ድንጋይ ብቻ አይበቃም። አናቱን በሣር መሸፈን፣ ጎርፉንም በቦይ ማውረድ ያስፈልጋል። በጎንደር ዳገት እርከን የሠራችሁ ይህን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሄዳችሁ ለማዘጋጃ ቤቱ ንገሩልን፤ ዕብራይስጡን እኛ እናስተረጉማለን።

እስከዚያው ግን እባካችሁ በበጋ ለጥላ ብላችሁ ከገደሉ ሥር አትቀመጡ።