ከሻርኩ ይልቅ ውሃውን ፍሩ

መኸሩ ገብቶ ገና ሲቃረብ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆቻችን የጉዞ ዕቅድ ይዘው ይመጣሉ። ላሊበላና ጎንደር የለመድናቸው ናቸው። አሁን ደግሞ «እግረ መንገዳችንን ጅቡቲ ሄደን ሻርክ እንይ» የሚሉ ልጆች አሉ። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ያሉ አያት ይህን ሲሰሙ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ልጄን ለአውሬ አልሰጥም!»

እስቲ አውሬ የተባለውን እንየው። ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ በሚባለው ዳርቻ በኩል ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የተባለው ዓሣ ይታያል። በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። እዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ቢሆኑም ከሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይረዝማሉ። ምግቡ ፕላንክተን የሚባሉት በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጣራ ይበላቸዋል። ሰው አይበላም። ሌሎቹ የሻርክ ዘሮች በዓለም ዙሪያ የሚገድሉት ሰው እንኳ በአብዛኛው ዓመት ከ10 በታች ነው።

ውሃ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአሥሩ ዘጠኙም የሞቱት እንደኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። እኔም በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ የወሰደው ልጅ ወሬ ተለይቶን አያውቅም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሻርኩ ይበላዋል ወይ?» ሳይሆን «ልጁ ዋና ይችላል ወይ?» ነው። ከውጭ የመጣው ልጅ በትምህርት ቤቱ ገንዳ ተምሮ ይሆናል። እዚህ ያደገው የአጎቱ ልጅ ግን ላህን ወይም ፈታምን እስከ ወገቡ ገብቶ ከመሻገር በቀር ጥልቅ ውሃ አያውቅ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ጀልባ ስትጭኗቸው ያ የኛው ልጅ በዘመዶቹ ፊት «አልችልም» ማለት ያፍራል። ይህ ሐፍረት ከማንኛውም ሻርክ የከፋ ነው። ብቻውን ጠርታችሁ፣ ማንም በሌለበት ጠይቁት። ካልቻለ ይማር፤ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም አሉ። በወንዝ ይለማመድ አትበሉ፤ ወራጅነቱ ዝግ ያለ፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ቢልሃርዚያ ያስይዛል፤ በሽታው በአካባቢያችንም አለ። በጀልባው ላይ ዋና የሚችለውም የማይችለውም ላይፍ ጃኬት ይልበስ።

ሁለተኛው ጥያቄ «በምን ዓይነት ነው የምታዩት?» የሚለው ነው። ዌል ሻርክ የሚመገበው ውሃው ገጽ አካባቢ ስለሆነ፣ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ከላይ ተንሳፍፎ ማየት ይበቃል። አይነካም፣ መንገዱም አይዘጋበትም። ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ታች መጥለቅ ግን ሥልጠናና የጤና ምርመራ ይፈልጋል። ታዋቂው ፓዲ የተባለው የሥልጠና ድርጅት ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለመደበኛው የጠላቂነት ኮርስ አይቀበልም።

ከሥልጠናው በፊት የጤና ቅጽ ይሞላል። በቅጹ ላይ መዋሸት ራስን መግደል ነው። የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይጠልቅም። ነፍሰ ጡርም አትጠልቅም። በእኛ አገር ተደጋግሞ የሚረሳ ደግሞ ጆሮ ነው። በልጅነቱ ጆሮው መግል ይፈሰው የነበረ ልጅ ታምቡሩ ተበስቶ ሊቀር ይችላል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከባሕሩ ወለል እጥፍ ስለሚሆን ለተበሳ ጆሮ አይሆንም። ወላጅ ይህን ያስታውሳል፤ ልጁ ግን ላያስታውስ ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ ለደገኞቹ የተለየ ነው፤ «መቼ ትመለሳላችሁ?» ጠላቂ ከጥልቀት ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። አምቦ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት አረፋ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ጋዙ በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተደጋጋሚ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመከረው።

«በአውሮፕላን ካልሆነ በባቡር እንመለሳለን» ማለት መፍትሔ አይደለም። ባቡሩም ሆነ መኪናው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ነው የሚወጣው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊትም ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም።  ስለዚህ ከመጥለቂያው ቀን በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ጅቡቲ ላይ ይረፍ። የትኬቱ ቀን ሲቆረጥ ይህ ቀን አብሮ ይቆጠር። ምልክቱ ከታየ ማሸትና መታሸት አይረዳም፤ በጀርባው አስተኝቶ ኦክስጅን እየሰጡ ወዲያው ሐኪም ጋር ማድረስ ነው። ላይ ተንሳፍፎ ብቻ የተመለከተ ግን ይህ አያሳስበውም።

የተቀረው የለመድነው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይወሰድ፤ ካርዱም ይያዝ። ጅቡቲ ወባ ስላለ አጎበር አይረሳ፤ ተመልሶ ያተኮሰው ሰው ሲመረመር የት እንደነበረ ይናገር። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደረግ።

አያቶች ሆይ፣ «አይሆንም» ካላችሁ ልጆቹ እናንተን ላለማስከፋት ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ ያኔ የሚጠይቃቸው ሰው አይኖርም። ዋናውን፣ ጆሮውንና የመመለሻውን ቀን ጠይቁ። ሦስቱም ደህና መልስ ካገኙ መርቃችሁ ሸኟቸው። ጉልበታችሁ የሚፈቅድ ከሆነም አብራችሁ ሂዱ፤ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ከጀልባው ላይ ሆኖ ማየትም ማየት ነው።