እግርን የሚያራምደው ማነው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የአንዲት ወጣት ነው። ታላቅ ወንድሟ በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎታል። ሌሊት ሌሊት ግን እግሮቹ በድንገት ይፈናጠራሉ። እናት «ልጄ ሊነሳ ነው!» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «ቢፈልግ ይራመዳል፤ ሰንፎ ነው» እያለ ያማል። ልጁ በሁለቱ መሀል ተቃጠለ። «እውነቱ የቱ ነው?» ትለኛለች።

እህቴ፣ ሁለቱም አይደለም።

መራመድ የአንጎል ሥራ ብቻ ይመስለናል። ታዲያ ለበዓል የታረደች ዶሮ አንገቷ ተቆርጦ ስትሮጥ ማን አዘዛት? እ.ኤ.አ. በ1911 ግራሃም ብራውን የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመራማሪ ነገሩን በድመት ላይ ሞከረው። ህብለ ሰረሰሩ ከአንጎል ተለይቶ፣ ከእግር የሚመጣው ስሜትም ተቋርጦ፣ የእግር ጡንቻዎች የእርምጃውን ምት ሲመቱ አየ። ምስጢሩ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው የነርቭ መረብ ነው። አንዱ ቡድን እግርን ያጥፋል፣ ሌላው ይዘረጋል። አንዱ ሲሠራ ሌላውን ዝም ያሰኘዋል፤ ሲደክመው ተራውን ይለቃል። እጠፍ፣ ዘርጋ፤ እጠፍ፣ ዘርጋ!

አንጎል እንደ ታክሲ ሾፌር ነው። ያስነሳል፣ ያቆማል፣ መንገድ ይመርጣል። ሞተሩ ግን ታች ነው። ወንድምሽ ሞተሩ አለ፤ የተጎዳው የሾፌሩ ትእዛዝ የሚያልፍበት መስመር ነው። ተቆጣጣሪ ያጣ ህብለ ሰረሰር ደግሞ የብርድ ልብስ ንክኪ እንኳ ያስደነግጠዋል፤ እግሩም ሳይታዘዝ ይፈናጠራል። ስለዚህ ልጁ አላስመሰለም። መፈናጠሩ ብቻውንም የመዳን ምልክት አይደለም።

ተስፋስ? አለ፣ ግን በልክ። እ.ኤ.አ. በ2018 የስዊዘርላንድ ሐኪሞች ለዓመታት ሽባ የነበሩ 3 ሰዎችን ህብለ ሰረሰር በቀጭን ኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ፣ በብዙ ልምምድና በድጋፍ አራምደዋቸዋል። ሆኖም ይህ በየሆስፒታሉ የሚገኝ፣ ለሁሉም የሚሠራ መድኃኒት አይደለም።

እስከዚያው የእናንተ ድርሻ ይኸውላችሁ። ጡንቻው እንዳይኮማተር ፊዚዮቴራፒስቱ በሚያሳያችሁ መንገድ እግሩን በየቀኑ ዘርጉለት። በመኝታ ብዛት እንዳይቆስል አገላብጡት። መፈናጠሩ በድንገት ከባሰ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ቁስል ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

ለእናትሽ እውነቱን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። ለጎረቤት ግን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ይህን ገጽ አንብቢለት!