የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን እንቁጠር

በሐምሌ ወር በለቡ መብራት ኃይል አካባቢ፣ አስፋልትም ሆነ ኮብልስቶን ባልደረሰበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ በእግሩ የተጓዘ ሰው፣ ከጫማው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ የሚለውን ጥቁር ጭቃ ሳያውቅ ወደ ቤቱ አይገባም። ያው አፈር በየካቲት ሲታይ ደግሞ ደርቆ፣ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። አርሶ አደሩ «ዋልካ» ወይም «መረሬ» ይለዋል፤ የአፈር ሳይንስ ጠበብት ደግሞ «ቨርቲሶል» የሚል ስም ሰጥተውታል። የዚህ አፈር ሸክላማ ማዕድናት ውኃ ሲያገኙ በንብርቦቻቸው መካከል እያስገቡ ያብጣሉ፤ ውኃው ሲለቃቸው ይኮማተራሉ።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አፈር ላይ በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ ተኝቶበት ሥሩ ኦክሲጅን ያጣል። ከጥር በኋላ ደግሞ አፈሩ ሲሰነጠቅ ቀጫጭን ሥሮቹ ይበጣጠሳሉ፤ በስንጥቁ በኩልም እርጥበቱ ይተናል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሥራ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየሠፈሩ የሚቋቋሙት የአትክልትና የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ግን የሚመዘኑት፣ ባነር ተሰቅሎ ፎቶግራፍ በሚነሣባት በዚያች በአንዷ ቀን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው፣ የአንድ ክበብ ትልቁ መሣሪያ ዶማው ሳይሆን ደብተሩ መሆኑን ነው።

የመትከል ቁጥርና የመጽደቅ ቁጥር

እንደሚታወቀው፣ በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በተጀመረበት ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታውቋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ «የሌማት ትሩፋት» የተሰኘው መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ የጓሮ አትክልትና የዶሮ እርባታ ወሬ ከገጠር አልፎ የከተማ ቤተሰቦችም መነጋገሪያ ሆኗል። ይህን መነቃቃት የምናደንቀው ነው። ሆኖም የተተከለውን ቁጥር ሁሉም ሰው ሲያውቀው፣ በእኛ ሠፈር በራፍ ላይ ከተተከለው ውስጥ ስንቱ በሁለተኛው ዓመት በሕይወት እንዳለ የሚያውቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህን ከሠፈሩ ነዋሪ በቀር ማንም ሊያውቀው አይችልም። የክበብ አስፈላጊነትም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር የሚሆን ድንቅ ቃል አለው፤ ችግኝ «ጸደቀ» ይባላል። የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም። ጎረቤታችን ኬንያም ይህን ልዩነት በተግባር አሳይታናለች። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረተችው የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ፣ ለመንደር ሴቶች አነስተኛ ክፍያ ይሰጥ የነበረው ለተከሉት ሳይሆን በሕይወት ለቆየው ችግኝ ነበር። ሥራቸውን የሚመሰክረው የቆመው ዛፍ ሆነ ማለት ነው። ማታይ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ተሸላሚ ሆናለች።

መቁጠር አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ክበብ 1,000 ችግኝ ተከለ እንበል። ሁሉንም ለመቁጠር አቅም ባይኖር፣ በዕጣ 100 ቦታዎችን መርጦ መመልከት ይበቃል። ከ100ው 62ቱ ለምልመው ቢገኙ፣ በስታቲስቲክስ ትምህርት የተማርነው ቀመር እንደሚነግረን፣ እውነተኛው የመጽደቅ መጠን ከ62 በመቶ በላይ ወይም በታች ቢርቅ በአብዛኛው ከ10 መቶኛ ነጥብ አይበልጥም። የምንመርጠው ግን በእውነት በዕጣ መሆን አለበት፤ መንገድ ዳር ያሉትን፣ ለዓይን የሚያምሩትን ብቻ የቆጠረ ክበብ ራሱን ያታልላል። ቆጠራውም ሦስት ጊዜ ይደረግ፦ ዝናቡ ሲያበቃ በመስከረም፣ ድርቁ ሲበረታ በየካቲት፣ እንደገናም በሚቀጥለው ሰኔ። በመስከረም የሞተው ምናልባት ውኃ ተኝቶበት ነው፤ በየካቲት የሞተው ውኃ አጥቶ ወይም ከብት ግጦት ነው። የሞተውን ነቅለን ስናየው ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ከተገኘ ደግሞ፣ ጥፋቱ የአፈሩ ሳይሆን ከረጢቱን ሳይቀዱ የተከሉት እጆች ነው። ቀንና ምክንያት የሌለው ቁጥር አያስተምርም፤ ሁለቱ ሲጨመሩበት ግን ለሚቀጥለው ክረምት መመሪያ ይሆናል።

ውኃው ከየት ይምጣ?

የለቡ አካባቢ ሁለተኛው ጥያቄ ውኃ ነው። በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ በኩል በወንዝ ውኃ አትክልት ማልማት አዲስ ነገር አይደለም። የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር በደርግ ዘመን ተደራጅቶ ለከተማው ገበያ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ያቀርብ ነበር። ተመራማሪዋ አክሱማይት ገብረ እግዚአብሔር ይህን ማኅበር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1994 ለኅትመት ባበቁት ሥራ፣ የከተማ እርሻ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን መተዳደሪያ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ «አትክልት በከተማ አይመረትም» የሚለው ክርክር በዚህ አካባቢ ቢያንስ ከአንድ ትውልድ በፊት የተዘጋ ነው።

ያልተዘጋው ጉዳይ የወንዙ ንጽሕና ነው። ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ምዕራባዊ ሠፈሮች አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርድ ወንዝ ነው። በመንገዱ ላይ ከፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀውን ሁሉ ይቀበላል። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላማ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን መርምረው፣ ጉዳዩ ከጤና አንጻር ክትትል እንደሚያሻው አመልክተዋል።

እዚህ ላይ በብዙ ማድ ቤቶች ያለ አንድ የተሳሳተ እምነት መታረም ይገባዋል። ሰላጣን በሎሚ ወይም በአቼቶ ማጠብ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ተሕዋስያን ይቀንስ ይሆናል። ካድሚየምና ሊድ ግን በቅጠሉ ላይ የተቀመጡ ብቻ ሳይሆኑ በሥሩ ገብተው በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የሠፈሩ ናቸው፤ መታጠብ አያወጣቸውም፣ እሳትም አያጠፋቸውም። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል፤ ሊድ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ጥቁሩ የሸክላ አፈር እነዚህን ብረቶች አጥብቆ በመያዝ በከፊል ይከላከልልናል። ነገር ግን የያዘውን አይጥለውም፤ በየዓመቱ በላይ በላዩ ይከማችበታል። አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ከሄደ ደግሞ ብረቶቹ በቀላሉ ሟሙተው ወደ ተክሉ ይገባሉ።

ታዲያ የክበብ አባላት በምን ያጠጡ? የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ይሰጣል። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመማሪያ ክፍል በዓመት እስከ 66,000 ሊትር ይቀበላል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ ከ50,000 ሊትር በላይ ይተርፋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። ባለ 200 ሊትር በርሜል 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ዝናብ፣ ማለትም በአንድ ካፊያ፣ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ሁሉ ይፈስሳል። በርሜል ብቻውን ከመስከረም እስከ የካቲት አያደርስም። ከበርሜሉ የሚበልጠው ማጠራቀሚያ አፈሩ ራሱ ነው፤ ብስባሽ የጠገበና በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ መደብ እርጥበቱን ይይዛል፣ መሰንጠቁም ይቀንስለታል።

ቆሻሻውም ሀብት ነው

ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን መቅጠፉን አንረሳም። አንድ ክበብ ያን ዓይነቱን አደጋ ብቻውን አያስቀርም። የድንች ልጣጩና የቡና አተላው ከቤት ሳይወጣ ወደ አፈር እንዲመለስ ማድረግ ግን ይችላል። ሥራው ምጣኔ ይጠይቃል፤ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 30 እጅ ያህል ካርቦን ሊኖር ይገባል። በተግባር ሲተረጎም፣ በእርጥብ የማድ ቤት ተረፈ ምርት ላይ ደረቅ ቅጠልና ገለባ በብዛት መጨመር ማለት ነው። ክምሩ ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል ወይም አየር አጥቷል፤ ካልሞቀ ደግሞ ደርቋል ወይም ናይትሮጅን አንሶታል። ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አብዛኞቹን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘሮችን ይገድላል። ይህንም መለካት፣ በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል።

«ክበብ ላብራቶሪ አይደለም» ለሚሉ

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡብን እናውቃለን። አንደኛው፣ ልጆች ወደ ክበብ የሚመጡት ለመዝናናትና አፈር ለመንካት እንጂ ለመመዝገብ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የመጽደቅ ቁጥር ዝቅ ብሎ ከተገኘ የአባላትን ሞራል ይሰብራል የሚል ነው።

ለመጀመሪያው መልሳችን በየሠፈራችን ያለው እድር ነው። እድር የሐዘን ማኅበር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የቀረውን ይጠይቃል፣ ያልከፈለውን ያውቃል። ሰዎች በእድር የሚተማመኑት በመዝገቡ ነው፤ መዝገቡ ፍቅራቸውን ቀንሶት አያውቅም። ለሁለተኛው ደግሞ፣ የሚሰበረው ሞራል በድብቅ በሞተው ችግኝ ቦታ በየዓመቱ እንደ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚሰበረው ነው እንላለን። 100 ተክለው 40 የጸደቀላቸውና ምክንያቱን ያወቁ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ክረምት ውኃ የሚያሳልፍ ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ይተክላሉ። ቁጥሩን ያልያዙት ግን ስሕተታቸውን ይደግሙታል።

አንድ ነገር ግን ከክበባቱ አቅም በላይ መሆኑን እናምናለን። የአፈር ዓይነት በጠርሙስ ውኃ አዝቅጦ መለየት፣ አሲዳማነትን በወረቀት መለካት፣ ችግኝ መቁጠር በማንኛውም ትምህርት ቤት ይቻላል። በቆስጣ ውስጥ ያለውን ካድሚየም ለመለካት ግን አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል፤ ይህ መሣሪያ የሚገኘው ደግሞ እንደ እኛ ባሉ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ነው። ስለዚህ ነቀፋችን ወደ ራሳችንም ይመለሳል። የኬሚስትሪ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ናሙና ፍለጋ ሲዋትት፣ የለቡ ተማሪ ያበቀለው ጎመን ይበላ አይበላ ሳያውቅ መኖር የለበትም። በዓመት ከየክበቡ አንድ የአፈርና አንድ የቅጠል ናሙና ተቀብሎ መመርመር ለፋኩልቲ ከባድ ሸክም አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ውጤቱም በመደርደሪያ የሚቀር ሳይሆን በክበቡ ደብተር ላይ ተጽፎ፣ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የሚነበብ መሆን አለበት።

ውድ አንባብያን፣ የክበብ አባል ከሆናችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ግዙ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ባለፈው ክረምት የተከላችሁበትን ቀንና የችግኙን ዓይነት ጻፉ፤ ከዚያም ወደ ቦታው ሄዳችሁ የቆመውን ቁጠሩ። ቁጥሩ ቢያሳፍራችሁም አትሰርዙት። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ገጽ የሚከፍት ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ፣ በዚያ ጥቁር ጭቃ ላይ ምን እንደሚጸድቅ ከእናንተ ቁጥር ይማራል እንላለን።