እድሩ ከፊርማ በፊት ይምጣ

  ይህን የምጽፈው ኤርፖርት የታክሲ ማቆያ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ከፊቴ ብዙ መኪና ስላለ ረዘም ይላል። የሚከፋውም ሰው ይኖራል፤ ቢሆንም ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አገር ቤት መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይወጣል። ሲያትል ግን ያኔ ነው የሚገባው። እኛም የምንሰባሰበው በዚሁ ሰሞን ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ ደመራ፣ ቀጥሎ ታንክስጊቪንግ። እናዋጣለን፣ ድፎ እንቆርሳለን፣ ለቸገረው ኮት እንሰበስባለን። ደግ ሕዝብ ነን። የኔ ጥያቄ ደግነታችን የት ላይ እንደሚውል ነው። ሰው ሲሞትበት በዚያው ማታ ምግቡንና ውኃውን ይዘን ደጁ ላይ ነን። ያው ሰው የዕድሜውን ትልቁን ውል ሲፈርም፣ ቤት ሲገዛ ወይም ሲሸጥ፣ አንዳችንም አጠገቡ የለንም። የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ስጦታ ይዘን "እንኳን ደስ ያለህ" እንላለን። በምን ውል እንደገዛ አንጠይቅም፣ እሱም አይነግረን።

የአንዲት እናት ነገር ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም። ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ፣ ከቼሪ ጎዳና ብዙ ሳይርቅ፣ በ90ዎቹ ከባለቤታቸው ጋር በጽዳት ሥራ ገንዘብ የገዙት ቤት ነበራቸው። ባለቤታቸው አረፉ፣ እድራችን በክብር ቀበረ። ከዚያ የንብረት ግብሩ ከበዳቸው። በፖስታ ደግሞ በየጊዜው ካርድ ይመጣል፦ ቤትዎን በካሽ እንገዛለን፣ እድሳት አያስፈልግም፣ ኮሚሽን የለም። አንድ ቀን ደወሉ። ትሑት የሆነ ወጣት መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ፈረሙ። እኔ የሰማሁት ከሐኪም ቤት ላደርሳቸው ስል "ልጄ፣ አሁን ወደ ኬንት ነው የምትወስደኝ፣ ከልጄ ጋር ገብቻለሁ" ሲሉኝ ነው። የሸጡበት ዋጋ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተመሳሳይ ቤት ከወጣበት ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ሁለት ነገር የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። አንደኛ፣ በኪንግ ካውንቲ ዕድሜው 61 የደረሰ፣ በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ በታች ከሆነ የንብረት ግብሩ ይቀነስለታል። ጣሪያው በ2024 በዓመት 84 ሺህ ዶላር ነበር። የእሳቸው ጡረታ አጠገቡም አይደርስም። ሁለተኛ፣ በ2023 የወጣው የዋሽንግተን ስቴት ሕግ እንደ ሲያትል ባሉ ትልልቅ ከተሞች አንድ ቤት ብቻ ይሠራበት በነበረ ቦታ ላይ ቢያንስ አራት መኖሪያ እንዲሠራ ፈቅዷል። ለባቡር ጣቢያ ቅርብ ከሆነ እስከ ስድስት ይደርሳል። ያ ወጣት ሻይ እየጠጣ ያየው መሬቱን ነበር። አሁን ቤቱ ፈርሶ መሠረት እየተቆፈረ ነው። ተሳፋሪ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

በዚያ እድር ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ አለ። የቤት ኤጀንት አለ። አንድ የቀድሞ መሐንዲስም አለ፣ እሱ እኔ ነኝ። አንዳችንም "እማማ፣ ግብሩ እንዴት ነው?" ብለን አልጠየቅናቸውም። እሳቸውም "ከበደኝ ብል ሰው ምን ይለኛል" ብለው ዝም አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ጋ ግን የታመመው ይደብቃል፣ መድኃኒት ያለውም ይደብቃል።

በሰው ብቻ አልፈርድም። የራሴንም ላውጣ።

በ2021 በጋ ቤት ስገዛ ለአንድ ቤት ብዙ ሰው ይሻማ ነበር። "ኢንስፔክሽኑን ካልተውክ አታገኘውም" ተባልኩ፣ ተውኩ፣ ፈረምኩ። ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሽንት ቤቱ ወደ ላይ መለሰ። ከቤቱ እስከ መንገዱ ዋና መስመር የሚሄደው የፍሳሽ ቱቦ የድሮ የሸክላ ቱቦ ነው፤ የዛፍ ሥር ገብቶበት ተሰነጣጥቋል። ሲያትል ውስጥ ያ ቱቦ እስከ ዋናው መስመር ድረስ የባለቤቱ ነው፣ ከተማው አይጠግንላችሁም። ጥገናው የሁለት ዓመት ቁጠባዬን በላ። አስቡት፣ አገር ቤት ቱቦ ሳይፈተሽ አፈር እንዳይመለስበት ሠራተኛ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካሜራ አስገብቶ ማየት የጥቂት መቶ ዶላር ሥራ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አፍሬ ለአራት ዓመት ለማንም አለመናገሬ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እዚሁ ወረፋ ላይ አብረውኝ ሻይ የሚጠጡ ሦስት ሹፌሮች እንደኔው ኢንስፔክሽን ትተው ገዙ። አንደኛው ዘንድሮ ግቢውን ቆፈረ። አንድ ቀን አፌን ብከፍት ኖሮ ገንዘቡ ኪሱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ እከፍታለሁ።

የምትገዙ፦ የሲያትል በጋ ቤትን ሸፍኖ ያሳልፋል፣ ጥቅምትና ኅዳር ግን ያጋልጡታል። ዝናብ እየዘነበ ሂዱና እዩ። አሸንዳው ውኃውን የት ነው የሚጥለው? ከመሠረቱ ያርቀዋል ወይስ ግድግዳው ሥር ያቁረዋል? ከወለሉ ሥር ያለው ክፍት ቦታ ይሸታል? ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ አለ? አዲስ ቀለም በአንድ ጥግ ብቻ ከተቀባ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ቤቱ ከ1940 በፊት የተሠራ ከሆነ የኤሌክትሪክ መስመሩ የድሮው ዓይነት መሆን አለመሆኑን አስፈትሹ፤ ኢንሹራንስ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ግቢ ውስጥ የተቀበረ የማሞቂያ ነዳጅ ታንክ እንዳለም ጠይቁ። በድሮ ቤቶች ብዙ ነው፣ ካፈሰሰ ዕዳው ለእናንተ ይተርፋል።

"ኢንስፔክሽን ብዬ ቅድመ ሁኔታ ካስገባሁ እሸነፋለሁ" ለምትሉ፣ ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት ማስፈተሽ ትችላላችሁ። ቤቱን ባታገኙት የከፈላችሁት ይቀራል። እኔ ግን ያንን ኪሳራ በደስታ እለውጠው ነበር። ፎርም 17 የሚባለውን የሻጭ መግለጫም አንብቡ። ሕጉ መግለጫው ከደረሳችሁ በኋላ ሐሳባችሁን የምትቀይሩበት ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ያንን መብት የሚያስተው ወረቀት ሳታውቁ እንዳትፈርሙ።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለናንተ ለብቻ። ግብር ስናስገባ ማይሉን ሁሉ ቀንሰን "ምንም አላተረፍኩም" እንላለን። በሁለተኛው ዓመት ባንክ ሄደን ብድር ስንጠይቅ ያችኑ ወረቀት ያወጣና "ምንም አላተረፍክም" ይለናል። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ግብር ያያል፤ ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ውሸት ጻፉ አላልኩም። ከማይሉ ተቀናሽ ውስጥ የመኪና እርጅና የሆነው ክፍል ተመልሶ ገቢያችሁ ላይ ሊደመር እንደሚችል አበዳሪውን ጠይቁ። የዕቁብ ብርም እንዲሁ። ዕጣ ደርሷችሁ 30 ሺህ ዶላር በአንድ ቀን ብታስገቡ ባንኩ "ከየት መጣ?" ይላል፣ ዕቁብ ምን እንደሆነም አያውቅም። የባንክ መግለጫ የሚጠየቀው በአብዛኛው የሁለት ወር ነው። የዕቁቡን መዝገብ ያዙ፣ ዕጣውንም ቤት ከመፈለጋችሁ ወራት አስቀድማችሁ ውሰዱ።

የምትሸጡ፦ የሽያጭ ታክሱን የሚከፍለው ሻጭ ነው። ሲያትል ውስጥ 800 ሺህ ዶላር የሚሸጥ ቤት እንውሰድ። እስከ 525 ሺህ ድረስ 1.1 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 1.28 በመቶ፣ በጠቅላላው ላይ ደግሞ የከተማው 0.5 በመቶ። ድምሩ 13,295 ዶላር ነው። ኮሚሽኑ ገና አልተነካም። "ኮሚሽን የለም" ሲባል ደስ የሚላችሁ፣ ከዋጋው ላይ ስንት እንደተቆረጠ አስሉ። ቅጠሉን ከአሸንዳው፣ ሽበቱን ከጣራው ላይ አጽዱ። ቱቦውን ራሳችሁ አስፈትሻችሁ እውነቱን ጻፉ። የሚገዛው የሌላ እናት ልጅ ነው።

አሁን "የአገር ልጅ ኤጀንት ላይ ጠላት ሆነ" ትላላችሁ። አልሆንኩም። ጎበዞች አሉ፣ እንጀራቸውም ነው። ግን በይሉኝታ አትፈርሙ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በዋሽንግተን ስቴት ገዢና ኤጀንቱ የጽሑፍ ውል ሊኖራቸው ግድ ነው። ክፍያው ስንት ነው? ለስንት ጊዜ ያስራል? ሻጩንም ሊወክል ይችላል? ኮሚሽን በሕግ የተቆረጠ ዋጋ የለውም፣ ይደራደሩበታል። ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ኤጀንት ደግሞ ለአንዱ ወግኖ ሊከራከር አይችልም። ይህን መጠየቅ ስድብ ከመሰለው፣ ያ ሰው ዘመድ ነው እንጂ ኤጀንት አይደለም።

ያወቀ ያሳውቅ። የስቴቱ የቤት ፋይናንስ ኮሚሽን የሚያስተባብረው ነፃ የገዢዎች ትምህርት አለ። ሬኒየር ቫሊ ያለው ሆምሳይትም ያማክራል። ኮሚዩኒቲያችን በሬኒየር ጎዳና ለአረጋውያን መኖሪያ ማሠራት የቻለ ነው። አብሮ መሥራት አያቅተንም።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በየእድሩ ስብሰባ መጨረሻ ግማሽ ሰዓት ለቤት ጉዳይ ይሰጥ። የገዛም የሸጠም የተጎዳበትን ይናገር። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ አባል የቤት ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሰው አብሮት ተቀምጦ ያንብብ፤ አንዱ ዘመድ፣ አንዱ ባዳ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት መኪና አላወጣም። ባትሪዬን ይዤ ከወለላችሁ ሥር እገባለሁ፣ ቡና ካፈላችሁልኝ ይበቃል። ፈቃድ ያለውን ኢንስፔክተር አልተካም፣ ግን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት እነግራችኋለሁ።

እሳቸውንም ባለፈው ሳምንት ኬንት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ይህን ልጽፍ እንደሆነ ነግሬ ፈቃድ ለመንኩ። "ጻፈው" አሉኝ፤ "እኔ ጋ ግን ዘግይተሃል።"

ተራዬ ደረሰ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።