ለጣቢያው ሙሾ ይብቃን

ስለ አሮጌው የባቡር ሐዲድ ስንት ግጥም እንደተጻፈ የቆጠረ የለም። አንዱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ፉጨት ነበረበት፣ ዝገት ነበረበት፣ በቆመ ሰዓት ሥር የምትጠብቅ ሴትም ነበረችበት። በአንድ የግጥም ምሽት ሳነበው ጭብጨባው ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ዛሬ የማፍርበት ቤት ስለማይመታ አይደለም። ቤት መምታቱንስ ይመታል፤ ስለ ቤት ግን አንዳች አይናገርም።

የዛሬ አራት ዓመት የምሠራበት ባንክ ከአዋሽ በስተምሥራቅ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ አዛወረኝ። ጣቢያው ከቅርንጫፋችን አሻግሮ ይታያል፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ የጣራው ግማሽ የወደቀ፣ በሩ በሰንሰለት የታሰረ። ከዚያ ሠላሳ እርምጃ እንኳ ሳይርቅ፣ በሸራና በአሮጌ ቆርቆሮ በተሠራች ጎጆ፣ ባለቤታቸው ሐዲድ ጠጋኝ የነበሩ አንዲት እናት በኪራይ ይኖራሉ። በየወሩ የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ለመቀበል ወደ መስኮቴ ይመጣሉ። ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉ ለጎጆዋ ኪራይ እንደሚሄድ የሰማሁት ከራሳቸው ነው። አንድ ቀን፣ ለግጥም የሚሆን ትዝታ አገኝ ብዬ፣ «እማማ፣ ጣቢያው ድሮ እንዴት ነበር?» ስል ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ስድስት ክፍል አለ። ፍየል ይገባበታል፤ እኔ ነኝ የማልገባው» አሉኝ። ሌላ ትዝታ አልጨመሩልኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ይህ ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በመንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ የሐዲዱ ልጆች ናቸው። ድሬዳዋ ራሷ የሐረር ተራራ ለባቡሩ ስለከበደው የተወለደች ናት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ጣቢያዎቹ ከነባሮቹ ከተሞች ወጣ ብለው ተሠሩ። ከድሮዎቹ ትናንሽ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ተቆለፉ እንጂ ወራሽ አልተሰየመላቸውም። ለመሆኑ ከተማዋን የወለደ ቤት ለከተማዋ ልጆች መጠለያ ቢሆን ማንን ይከፋዋል?

የሚከፋው አለ። «ቅርስ ነው፣ አይነካም» የሚል ወዳጅ አለኝ። እኔም ቅርስ አይደለም አላልኩም። ግን ቅርሱን እየበላ ያለው ማን ነው? ዝናብና ምስጥ። ሰው የሌለበት ቤት መጀመሪያ ጣራው ይከዳዋል፤ ከዚያ ውኃው በግድግዳው አናት ገብቶ ድንጋዩን የያዘውን ጭቃና ኖራ ያጥበዋል። እስቲ እዚያው አጠገባችን ያለውን ሐረር ጁገልን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ባዶ ግንብ አልነበረም። በቤቶቹ ውስጥ ይወለድባቸዋል፣ ይታረስባቸዋል፣ ወጥ ይሠራባቸዋል፤ ሲያፈሱም ባለቤቱ ጣራ ላይ ይወጣል። ሰው ያልጠበቀውን ሰንሰለት አይጠብቀውም።

ሌላው ሙዚየም ይሁን ይላል። ለለገሃር ይሁን። አውቶቡስ እንኳ ቆሞ በማያድርባት ከተማ ግን ሙዚየሙን የሚጎበኘው ያው ፍየል ነው። ሦስተኛው ደግሞ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራ ባይ ነው። መሠረቱና ግድግዳው ቆሞ እያለ! የቀረው ጣራ፣ በር፣ ውኃና መጸዳጃ ነው። በቆላ ሙቀት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ምን ማለት እንደሆነ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ቤት የተቀመጠ ያውቀዋል። (እግረ መንገዴን፦ ልስኑ በኖራ ይሁን። ሲሚንቶ በአሮጌ ድንጋይ ላይ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል።)

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ገጣሚነቴን ትቼ በመስኮቴ በኩል ልናገር። ለቤት ብድር የመጣን ሰው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የደመወዝ ማስረጃ እንጠይቃለን። የሐዲድ ጠጋኙ ባለቤት አንዱም የላቸውም። ሃያ በመቶ ቆጥቦ ሰማንያውን መበደር የሚባለው የኮንዶሚኒየም ነገር እዚህች ከተማ አልደረሰም፤ ቢደርስም ሃያው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጣቢያው ይሸጥ የሚለውን አጥብቄ እቃወማለሁ። የተሸጠ ዕለት የጫት መጋዘን ይሆናል። ይዞታው የሕዝብ እንደሆነ ይቆይ፤ ቤቶቹ በረጅም ዘመን ውል ለነዋሪዎች የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ይሰጡ፤ ብድሩንም ማኅበሩ በስሙ ይውሰድ። ኪራዩ በነዋሪው ገቢ ልክ ይሁን፤ በከተማዋ ብዙ ዘመን የኖረ ይቅደም፤ የደረሰው ሰው ለሌላ እንዳያስተላልፈው ከውሉ ይጻፍ።

«የቀበሌ ቤትን አየነው እኮ» የሚለኝን እሰማዋለሁ፤ እውነት አለው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራይ ተቀነሰ፤ ድሃው ተጠለለ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የተቀነሰው ኪራይ ጣራ የሚጠግን አልሆነም፤ ቤቶቹም በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ። ከዚህ የምንማረው ድሃን በርካሽ አናስገባ የሚለውን ነው እንዴ? እኔ የምማረው ሌላ ነው፦ ከየወሩ ኪራይ የተወሰነው ለጥገና ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ ደብተሩም በነዋሪዎቹ እጅ ይሁን። የባንክ ሠራተኛ ቅዠት ነው ብትሉኝም ግድ የለኝም።

ግጥሜን ላሳትመው ካሰብኩት ስብስብ አውጥቼዋለሁ። በምትኩ ባለፈው እሑድ በተሰበረው መስኮት ገብቼ ክፍሎቹን በእርምጃ ለካሁ። እማማ እንዳሉት ስድስት ናቸው፤ አራቱ ጣራ አላቸው። ስለ ጣቢያ ግጥም የጻፋችሁ ወገኖቼ፣ ከእናንተም ይህንኑ እለምናለሁ፦ የገጠማችሁለት ጣቢያ ስንት ክፍል አለው? ስንቱ ጣራ አለው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?