«ሳያስፈቅድ ገባ» ላሉት



ሰሞኑን ከዙህር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ አንድ ወሬ ሲወራ ሰማሁ። በአንድ ሰፈር ሌሊት አንዲት ሴት ስትጮህ ጎረቤቷ ሰምቶ ዝም አለ አሉ። ዝም ያለውም «ባል የሌለበት ቤት ነው፤ ምን አግብቶኝ እገባለሁ» ብሎ ነው። አውሪው ይህን የሚያወራው ሰውዬውን ሊወቅስ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሊያመሰግነው ኖሯል። «አስተዋይ ሰው ነው፣ ፊትና ሸሸ» አለ። የቆሙትም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ምክንያቱም ይህንኑ ምስጋና እኔም አንድ ጊዜ ተመስግኜበታለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ል በነሐሴ ወር፣ በዒደል አድሐ ሰሞን፣ እዚሁ ደሴ ውስጥ ነው። የደሴን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ጦሳ ጭጋግ ተከናንቦ ይውላል፤ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ በየቤቱ ከሰል ይቀጣጠላል። ከእኛ ጋር በአንድ የቆርቆሮ አጥር የምትዋሰን የሁለት ልጆች እናት አለች። ባሏ ያን ጊዜ ጅዳ ነበር። እሷም ልጆቿን ይዛ ከቤቷ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤቷ የምትል፣ በሰፈሩ የተከበረች ሴት ናት።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግድም የትልቋ ልጅ ለቅሶ ቀሰቀሰኝ። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔው ዘንድ አሊፍ ባ ትቀራለች። «እማዬ አልነቃም አለችኝ» እያለች ትጮኻለች። ጋቢዬን ደርቤ ወደ አጥሩ ወጣሁና እናቲቱን በልጇ ስም ጠራኋት። «እህቴ!» እያልኩ ደጋገምኩ። መልስ የለም። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ልጂቱ መቀርቀሪያው ላይ አትደርስም። ባለቤቴ አራስ ልትጠይቅ ኮምቦልቻ ወርዳ ነበር። ብትኖር ኖሮ እሷን ባስገባሁ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ሌሊት፣ ባል በሌለበት ቤት፣ እንዴት ብዬ ልግባ? ሦስተኛው ቤት ያሉትን እናት ልቀስቅስ ብዬ አሰብኩ፤ ጆሯቸው አይሰማም። ደግሞ አሰብኩ። እያሰብኩ ቆሜ ነበር። አምስት ደቂቃ ይሁን አሥር፣ ያን ያህል ጊዜ ዝናቡ እየወረደብኝ አጥር ይዤ ቆሜያለሁ።

ከኋላ ካለው ክፍል የተከራየ አንድ ክርስቲያን ወጣት ነበር፤ የባጃጅ ሹፌር ነው። እንደ ተኛ በቁምጣው ወጣና «ኡስታዝ፣ ምን ቆመው ያያሉ?» አለኝ። መልሴን አልጠበቀም። አጥሩን ዘለለ፤ የክፍሉን በር በትከሻው ሲመታው ሰማሁ። መጀመሪያ እናቲቱን፣ ከዚያ ሕፃኑን አወጣና ደጅ ሲሚንቶው ላይ አስተኛቸው። የግቢውን በር ከፍቶ «ልጁን ይያዙ፣ ባጃጁን ላስነሳ» ሲለኝ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ነገሩ ብርዱን ለመከላከል ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብታ፣ በርና መስኮቱን ዘግታ መተኛቷ ነው። ትልቋ ልጅ የዳነችው ሳሎን ተኝታ ስለነበር ነው። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጣቸው። ሁለቱም ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ ግን «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርሰው ሄደ። የዘገየው ማን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን ሦስት ቀን ሳይሞላ ሌላ ወሬ ተነሣ። «በሌሊት ልብሷ ተሸክሟት ወጣ»፣ «ፀጉሯ ሳይሸፈን»፣ «ለመሆኑ ክፍሉን እንዴት አወቀው?» ተባለ። ሴትዮዋ ከሆስፒታል ሳትወጣ ወሬው ጅዳ ደረሰ። ባልየው ደውሎ የጮኸባትን ጩኸት አጠገቧ አልጋ ላይ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ሰሙት። ስለ እኔ ምን ተባለ? «ኡስታዝ ግን ጨዋ ናቸው፣ አጥር አልዘለሉም» ተባለ።

እኔም ዝም አልኩ። ምስጋናውን ዋጥኩት። ዛሬ የምናገረው ያኔ መናገር የነበረብኝን ነው።

መስጂድ በር ላይ የሰማሁት ወንድም መከራከሪያው ሦስት ነው። ሳያስፈቅድ መግባት ክልክል ነው፣ አጅነቢ ሴት መንካት ክልክል ነው፣ ከሐሜት መራቅ ግዴታ ነው። ሦስቱንም እኔ አስተምራለሁ። ደረሳዎቼን የሰው በር ላይ ሦስት ጊዜ አስፈቅዱ፣ ካልተመለሰላችሁ ሳትቀየሙ ተመለሱ እላቸዋለሁ፤ ሱረቱ ኑር ላይ አላህ (ሱ.ወ) ያዘዘውንም አስቀራቸዋለሁ። ይህን ሕግ ማንም አያቃልል። ነገር ግን ሕጉን ያስቀሩን ዑለማዎች ያሉትን እስከ መጨረሻው እንስማ። ታላቁ ሙፈሲር ፈኽሩዲን አር-ራዚ እዚያው አንቀጽ ላይ ጥያቄውን ራሳቸው አንሥተውታል። ቤት ውስጥ እሳት ቢነሣ፣ ሌባ ቢገባ፣ ያኔም ማስፈቀድ ግድ ነውን? መልሳቸው ይህ ሁሉ ከሕጉ ውጭ የተደረገ ነው የሚል ነው። የማስፈቀድ ሕግ የመጣው የሰውን ቤትና ክብር ለመጠበቅ ነው። የቤቱ ባለቤት እየሞተች ሳለ የቤቷን በር የሚጠብቅላት ሰው ለማን ነው የሚጠብቀው?

መንካትን በተመለከተም አባቶቻችን በወሎ መድረሳዎች ሲያስቀሩት የኖረውን የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ያገላበጠ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ለዋግምት፣ ደም ለማውጣት፣ ለሕክምና ሲባል ማየትም መንካትም ተፈቅዷል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) እና ሌሎች ሶሐቢያት ዘመቻ ወጥተው ቁስለኛ ያክሙ፣ ውሃ ያጠጡ፣ የሞቱትን ወደ መዲና ይመልሱ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበውታል። እነዚያ ቁስለኞች ሁሉ መሕረሞቻቸው ነበሩን? ደግሞ ደሩራ በልኩ ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ፈቃዱም ያበቃል። ያ ወጣት ሴትዮዋን ሲሚንቶው ላይ እንዳስተኛ የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር? የራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ ከእግር እስከ ራሷ አለበሳት። ማንም ሳያስተምረው ልኩን አወቀ። ይህን ግን ሐሜተኞቹ አላወሩም።

የኢማም ዒዝ ኢብን ዐብዲስሰላምን ብያኔም ላክልበት። እኚህ ዓሊም በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ፣ የሱልጣን ፊት የማይፈሩ ሰው ነበሩ። ውሃ የሚወስደውን ሰው ማዳን ሶላትን በወቅቱ ከመስገድ እንደሚቀድም ጽፈዋል፤ ሶላቱ ቀዷ ይወጣለታል፣ የሞተ ሰው ግን አይመለስም። ጾመኛም ሰውዬውን ለማዳን ማፍጠር ግድ ከሆነበት ያፈጥራል። እንግዲህ ሶላትና ጾም ቦታ የለቀቁለትን ነገር የእኛ «ሰው ምን ይለኛል» አልለቅም አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሐሜቱ ልምጣ፤ የሆድ ቁርጠቴ እዚህ ላይ ነው።

ሱረቱ ኑርን ለክርክር የሚጠቅሱ ወንድሞች የማስፈቀዱን አንቀጽ ይጠቅሱና ከዚያ በፊት ያለውን ይዘሉታል። ይኸው ሱራ ከማስፈቀድ ሕግ ቀድሞ ስለምን ነው የሚናገረው? የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ሠራዊቱ ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለስ የጠፋ ሐብሏን ልትፈልግ ሄዳ ጓዙ ጥሏት ሄደ። ብቻዋን በረሃ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከኋላ የቀረው ሶፍዋን ኢብኑል ሙዐጦል (ረ.ዐ) አገኛት። ምን አደረገ? ከሩቅ ቆሞ ሴቶች እስኪመጡ ጠበቀን? ፊትና ይመጣብኛል ብሎ ጥሏት አለፈን? ኢስቲርጃዕ አለ፣ ግመሉን አንበረከከላት፣ አንዲት ቃል ሳያናግራት እሷን አስቀምጦ ልጓሙን ይዞ በእግሩ እየመራ ሠራዊቱ ዘንድ አደረሳት። ከዚያ በኋላ መዲና ውስጥ ምን እንደተወራ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አንድ ወር ሙሉ በምን ጭንቀት እንደከረመ ሁላችንም እናውቃለን። አላህ (ሱ.ወ) ፍርዱን ሲያወርድ የተወቀሰው ማን ነው? ግመሉን ያንበረከከው አልተወቀሰም። የተወቀሱት ወሬውን ያቀጣጠሉትና ሲሰሙ በጎ ያልጠረጠሩት ናቸው። ያለ አራት ምስክር ጨዋ ሴት ላይ ምላሱን ያነሣ ሰው ሰማንያ ጅራፍ እንዲገረፍ የተደነገገውም እዚሁ ሱራ ውስጥ ነው።

ታዲያ ያ ወንድማችን «ፊትና ሸሸ» ሲል ፊትናውን ያመጣው ማን እንደሆነ ያስተዋለ አይመስለኝም። ፊትናው አጥር ዘሎ አልመጣም፤ በስልክ ነው የመጣው። ሰው ጎረቤቱን ለማዳን የሚፈራው አላህን ቢሆን ኖሮ አይቆምም ነበር፤ የሚፈራው እኛን ነው። የእኛን የቡና ላይ ወሬ፣ የእኛን «እንዴት አወቀው?» ነው የሚፈራው። እኔም ያን ሌሊት የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ነገሩን «ጥንቃቄ» ብዬ ስም አወጣሁለት እንጂ።

አንዳንዱ ደግሞ ፖሊስን ያነሣል። «ነገር ቢበላሽ እኔ ነኝ የምጠየቀው» ይላል። በ1996 ዓ.ል የወጣው የአገሪቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 የሚጠይቀው በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት ሲችል፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው እያወቀ ትቶ የሄደውን ነው። በሸሪዓውም በመንግሥቱም ሕግ ቆሞ ማየት መሸሸጊያ የለውም።

ስለ ማዑንም ጥቂት ልበል። አላህ በሱረቱል ማዑን መጨረሻ ላይ ሶላታቸውን እየሰገዱ ማዑንን የሚከለክሉ ሰዎችን ያስጠነቅቃል። ይህ ምንድን ነው ሲባል ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) በእነሱ ዘመን ባልዲና ድስት እንደመዋዋስ ያለውን ይቆጥሩት እንደነበር ተናግረዋል። ባልዲ! ለጎረቤት ባልዲ የነፈገ ሰጋጅ እንዲህ ከተባለ ትከሻውን የነፈገ ምን ይባላል?

የቤተሰብ መጽሔት ነውና እናቶች ይህን ይያዙልኝ። የጋመ ከሰል ጭሱ አልቆ ቀይ ሲሆን «አሁን ሰላም ነው» ብለን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። ገዳዩ ግን ጭሱ ብቻ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣና ያንቀላፋል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። ክፍሉ ውስጥ የወደቀ ሰው ካያችሁ በሩን በርግዳችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ፣ ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። እስትንፋሱን እዩ፤ ሰው እየሮጠ አምቡላንስ ይጥራ፣ የቀይ መስቀል በ907 ይጠራል። ክብሪት መጫርና ሎሚ ማሽተት አያድነውም። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ደግሞ ያንቀዋል። ቁርአን መቅራት መልካም ነው፣ ዱዓም እናድርግ፤ ከክፍሉ ካወጣነው በኋላ።

ያ ወጣት ወሬው ሲበዛበት ያው ዓመት ሳያልቅ ቤቱን ለቆ ሄደ። ዕቃውን በባጃጁ ሲጭን ላግዘው ወጣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ አፌ ተሳሰረ። እሱ ግን ቀድሞ ተናገረ። «ኡስታዝ፣ ሌላ ጊዜ ሰው ሲጮህ ብሰማ ምን እንደማደርግ እንጃ» አለኝ። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። እሱ የሄደበት ሰፈር ውስጥ ስንት እናት፣ ስንት ሕፃን እንዳለ አስቡት። የእኛ ወሬ የእነዚያንም በር ነው የዘጋው።

ባልየው በ2013 ከጅዳ ተመለሰ። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ እኔ ዘንድ መጥቶ ቁጭ አለ። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ የልጁን አዲስ ቤት አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ነበርና አብሬው ሄድኩ። በሩን ቆሞ አንኳኳ። ልጁ ሲከፍትለት እኔ ሰላምታ ሰጥቼ ተመለስኩ።