ባለሙያው ያውቃል፤ ወረቀቱ ግን አይናገርም

በናይሮቢም ሆነ በዱባይ የአገራችን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ አባባል ይሰማል፤ «የወታደር ልምድ ለሲቪል አቪዬሽን አይሆንም» የሚል። ብዙ ከመደጋገሙ የተነሣ ሕግ መስሏል። በአየር ኃይል ውስጥ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ከራዳር፣ ከበረራ ሬዲዮ፣ ከጋይሮስኮፕና ከአውቶፓይለት ጋር የኖሩ ሰዎች አባባሉን አምነው የሌሊት ዘበኛ፣ የዕቃ ቤት ጠባቂ ወይም የታክሲ ሹፌር ሆነው ቀርተዋል። ይህ ጸሐፊ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎም የሚተዳደር እንደ መሆኑ የብዙዎቹን ማስረጃ በእጁ ይዞ አይቷል። ስለዚህም አባባሉ ሐሰት መሆኑን፣ ሐሰቱም ማንን ከተጠያቂነት እንደሚያድን ለመናገር ይደፍራል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት፣ በ3ኛው አንቀጹ ራሱን ለሲቪል አውሮፕላኖች ብቻ ወስኗል፤ ለጦር ሠራዊት፣ ለጉምሩክና ለፖሊስ አገልግሎት የሚውሉትን «የመንግሥት አውሮፕላኖች» ብሎ ከወሰኑ ውጪ ትቷቸዋል። ነገር ግን አንቀጹ የለየው አውሮፕላኖቹን እንጂ የሚጠግኗቸውን ሰዎች አይደለም። የአውሮፓው ደንብ ለአቪዮኒክስ ባለሙያ «ቢ2» የተሰኘ ፈቃድ አለው። ከሲቪል ውጪ የተገኘ የጥገና ልምድም ደንቡ ከሚጠይቀው ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን ባለሥልጣኑ ካረጋገጠ ተቀባይነት እንዳለው በግልጽ ጽፏል። በዚያ ላይ የሲቪሉን አሠራር የሚያስተዋውቅ ተጨማሪ ልምድ ይፈልጋል፤ በመመሪያው መሠረት ለቢ2 ቢያንስ 12 ወር። አሜሪካኖቹ ለአቪዮኒክስ ለብቻው የሚሰጥ የሜካኒክ ፈቃድ የላቸውም፤ ለአውሮፕላን አካል ወይም ለሞተር 18 ወር፣ ለሁለቱም በአንድነት 30 ወር የተግባር ልምድ በማስረጃ ይጠይቃሉ። ልምዱ በወታደር ልብስ መገኘቱ በእነርሱም ዘንድ አያስከለክልም። ታዲያ በሩ ተዘግቷል የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

(የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ነበሩ። አውሮፕላኑ ከጦር ወደ ሲቪል ሲዛወር ማንም «አይሆንም» አላለውም።)

ወሬው የመጣው ከወረቀቱ ነው። የእኛ የአገልግሎት ማስረጃ በ«ለሚመለከተው ሁሉ» ይጀምራል፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በታማኝነትና በቅንነት ማገልገሉን፣ ማዕረጉን፣ አንዳንዴም ደመወዙን ይገልጻል፤ ከዚያ ክብ ማኅተም። ሰውየው በየትኛው የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ሠራ? ብልሽት ፈልጎ አገኘ ወይስ ዕቃ ብቻ ለወጠ? በራሱ ፊርማ አውሮፕላን ለበረራ አሳልፏል? አንድም ቃል የለም። የጥገና መዝገቡ የአውሮፕላኑ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ጋር ይቀራል። ለሰውየው የተረፈው ቅንነቱ ብቻ ነው። ቅንነት ደግሞ በውጭ አገር የፈቃድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በወር አይቆጠርም።

በዚህ ላይ የትርጉሙ ነገር አለ። በአማርኛችን «መሣሪያ» የሚለው ቃል የመለኪያ ጌጅንም፣ መፍቻንም፣ ጠመንጃንም ይጠራል። «የአውሮፕላን መሣሪያ ቴክኒሻን» የተባለ ሰው የከፍታና የፍጥነት መለኪያዎችን ሲያስተካክል የኖረ ሊሆን ይችላል። ይህ ቃል በአንድ ጽሕፈት ቤት «ዌፐን» ተብሎ ተተርጉሞ፣ ሰውየው ቦምብ ሲሰቅል የኖረ መስሎ የቀረበበትን ወረቀት አይቻለሁ። በሶቭየት ኅብረት የተማሩትም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። በሶቭየት አሠራር ዛሬ አቪዮኒክስ የምንለው ሙያ ለሁለት ተከፍሎ፣ የኤሌክትሪክና የመለኪያ ዕቃው ክፍል «የአቪዬሽን ዕቃዎች»፣ የሬዲዮና የራዳሩ ክፍል «የሬዲዮ ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ስም ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር አንባቢው የሚያየው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ለንደን ወይም ዱባይ የተቀመጠው መርማሪ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተጻፈለትን ያነባል።

«ዝርዝሩ ወታደራዊ ምስጢር ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። መልሱ ግን አያጠግብም። ሚግ-21ን በብዙ አገሮች አየር ኃይሎች ውስጥ ያልሠራበት የለም፤ የአንዱ ሬዲዮ ኮምፓስ መጠገኑን መመስከር ለየትኛው ጠላት ይጠቅማል? የአሜሪካ ጦር ኃይሎች፣ ምስጢር ከእኛ አንሷቸው አይደለም፣ ለዚሁ ጉዳይ የጋራ ምክር ቤት አቋቁመው ለሲቪሉ ባለሥልጣን የሚቀርብ ማስረጃ ለጥገና ባለሙያዎቻቸው ይሰጣሉ። ምስጢሩን የሚጠብቅ ሠራዊት የሰውን ሙያም መመስከር ይችላል። እኛ ዘንድ የጎደለው ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ሰው ነው። «አይሆንም» የሚለው አባባልም የሚያድነው ይህንኑ ያልተሠራ ሥራ ነው፤ ባለሙያው ራሱን ሲወቅስ ወረቀቱን የጻፈውን ማንም አይጠይቀውም።

ሌሎቹ ደግሞ ደላሎቹ ናቸው። «ትንሽ ጨምርበት፤ ቦይንግ ላይ ሠርቻለሁ በል፤ ማን ያጣራል?» ይላሉ። ለእኔም «አሳምረህ ተርጉምልን» የሚሉኝ አልጠፉም። ይህ ምክር ከተስፋ መቁረጥ ይከፋል። የፍጥነት መለኪያ የአየር ቱቦ ተዘግቶ መቅረቱ ብቻውን መንገደኞችን እንደሚያስፈጅ ሙያተኛው ከደላላው የበለጠ ያውቃል። አንድ የተጋነነ ወረቀት ሲጋለጥም በዚያው ማኅተም የወጡ ሃያ እውነተኛ ወረቀቶች አብረው ይጠረጠራሉ። ደላላው ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል፤ ጥርጣሬው ግን ከኋላ ለሚመጣው ይተርፋል።

ይህን ስል ወታደሩ ምንም አልጎደለውም ማለቴ አይደለም። የጦር አውሮፕላን ጠጋኝ አለቃው «ይነሣ» ሲለው ያስነሣል፤ የሲቪሉ ባለፈቃድ ግን በራሱ ስምና በፈቃድ ቁጥሩ ፈርሞ አውሮፕላኑን ይለቃል፤ አለቃው እየተቆጣም ቢሆን አልፈርምም ማለት ግዴታው የሚሆንበት ቀን አለ። ስለዚህ ነው የአውሮፓው ፈተና የአቪዬሽን ሕግንና የሰው ልጅ ስሕተትን ጉዳይ ራሳቸውን የቻሉ ትምህርቶች ያደረጋቸው። ከአናሎግ ጌጅ ወደ ዲጂታል መረጃ መስመር መሻገርም የሳምንት ሥራ አይደለም። 12 ወሩ ይገባል፤ አልከራከርም። የምከራከረው ሃያው ዓመት ከዜሮ እንዳይቆጠር ነው።

በሥራ ላይ ያለ ቴክኒሻን ስንብቱን እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። የሠራበትን የአውሮፕላን ዓይነት፣ ሥርዓቱን፣ የሠራውን ሥራና ቀኑን በየወሩ ጽፎ የቅርብ አለቃውን ያስፈርም። ስንብት የሚጽፈው ክፍልም ከ«ቅንነት» በታች አንድ ገጽ ጨምሮ ይህንኑ ዝርዝር፣ ከተቻለ በእንግሊዝኛ ጭምር፣ በማኅተሙ ያረጋግጥ። «መሣሪያ» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ የትኛውን መሣሪያ እንደሆነ ይግለጽ።